እስከ ጀልባው ስንት ማረፊያ

ወንድሜ ከሚስቱ ጋር ሲመክር ግድግዳው ቀጭን መሆኑን ይረሳል። ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዱን እግሬን ካልሲ አልብሼ ሌላውን ካልሲ በዳበሳ ስፈልግ፣ ከወዲያኛው ክፍል እንዲህ ሲል ሰማሁት። «ነገ ደሴት ስንሄድ የመኪናው አምስተኛ ወንበር ላይ ምግቡንና የልጆቹን መዋኛ ጎማ እንጭናለን። እማዬን ሚስማር ትጠብቃታለች። ሌላ ጊዜ ብለን ብናልፋት ትረሳዋለች፤ በዚህ ዕድሜ ምን ትዝ ይላታል?» ሚስማር እኔ ነኝ። ከገባችበት አትወጣም ብሎ ወንድሜ ነው ስሙን ያወጣልኝ። እማዬ በመስኮቱ ስር ባለው አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፤ የተኛች መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ዐይኗ ተከፍቶ ጣሪያው ላይ ተተክሏል። ሰምታለች። «እማዬ» አልኳት ቀስ ብዬ። «ካልሲሽ ከመስፊያ መኪናው ስር ነው፤ ሐሙስ ዕለት ነው የጣልሽው» አለችኝ። ካልሲው የተባለው ቦታ ተገኘ።

ክፍላችን ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ የማይሠራ መስፊያ መኪና ያለበት ነው። መስኮቱ ግን ጌታ ነው። ቀኑ ጥርት ሲል ደሴቱ ከእማዬ ትራስ ላይ ይታያል፤ ውሃ ላይ የተደፋ ድስት ይመስላል። እማዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የወደቡን አዳራሽ፣ ሰው ጀልባ የሚጠብቅበትን፣ ስትጠርግ ኖራለች። ጠዋት ተሳፋሪዎቹ ባርኔጣ ደፍተው ሲሄዱ፣ ማታ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ እየተሳሳቁ ሲመለሱ አይታለች። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈረችም። ጡረታ ስትወጣ እንወስድሻለን ተባለች። ከዚያ ለወንድሜ ልጅ ተወለደ፤ ከዚያ ጉልበቷ ታመመ፤ ከዚያ መኪና እስኪገዛ ተባለ። መኪናው ይኸው ከተገዛ ሦስት ወሩ ነው። የኋላው ዕቃ መጫኛ ቁልፉ ተሰብሮ አይከፈትም፤ ሲገዛም አይከፈትም ነበር። እናቴ ወንበሯን ያጣችው በዚያ ቁልፍ ሰበብ ነው።

ቁርስ ላይ የወንድሜ ሚስት ፍራፍሬ እያጠበች ሣጥን ውስጥ ትደረድራለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ባሏ ሲናገር ዝም ማለት ለምዶባት ነው። ወንድሜ ለሁለቱ ልጆች ደሴቱን በመኪና እንዴት ዙሪያውን እንደሚያዞራቸው በሻይ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ያሳያቸዋል። በመሥሪያ ቤቱ ክፍል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ሁሉን ነገር ጠረጴዛ ላይ ማሳየት ይወዳል።

«እማዬስ?» አልኩት።

«ጉልበቷን እያወቅሽ? ለሷ ብዬ ነው እኮ።»

«ለሷ ከሆነ እሷን ጠይቃት።»

«መኪናው ሞልቷል በቃ። ምን ላድርግ፣ ጣሪያው ላይ ልሰራት?»

ልጆቹ ሳቁ። እማዬ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነከር አደረገችና ቀና ሳትል በላች። ያኔ ነው አፌ ከኔ ቀድሞ የሮጠው። «እንግዲያው እኔና እማዬም ነገ ደሴቱ ላይ ነን» አልኩ።

«በምን?»

«በእግራችን፣ በአውቶቡስ፣ በጀልባ።»

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። «መኪና የሌለው ሰው በእሑድ ቀን ደሴት እሄዳለሁ ቢል መንገድ ላይ ነው የሚመሽበት። ደግሞ ማን አንብቦልሽ፣ የትኛው አውቶቡስ እንደሆነስ መች ታውቂና?» እውነቱን ነው፣ አላውቅም ነበር። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እሱ ይማር ተብሎ ነው። ይኸው ተማረ፤ ጣሪያ ላይ ልሰራት ማለት ቻለ።

የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው፤ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ካውያውን እየገፋሁ ቀኑን በሐሳቤ ስሸነሽን ቆየሁ። ማጠቢያውን የሚያዞረውን ሰውዬ ሬዲዮ ነው የምንለው፤ የማያውቀው የለም፣ የሚያውቀውንም አፉ አይችልም። ወደ ወደቡ የሚሄደው ዘጠኝ ቁጥር እንደሆነ፣ እሑድ የመጀመሪያው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንደሚነሳ፣ ሾፌሩ የሚስቱ አጎት ልጅ እንደሆነ፣ ሚስቱ ደግሞ ከአጎቷ ልጅ ጋር እንደማትነጋገር ነገረኝ። «ግን እናትሽን እንዴት አድርገሽ?» አለኝ። «ያቺ ጉልበት ፌርማታ ትደርሳለች?»

ቁም ነገሩ ይኸው ነበር። አውቶቡሱ ያው አውቶቡስ ነው፣ ጀልባውም ያው ጀልባ። የእማዬ ነገር ግን ሌላ ነው። በኮሪደራችን ስትመላለስ አይቻታለሁ፤ መቶ እርምጃ ያህል ትሄድና ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ መቀመጥ አለባት። አምስት ደቂቃ ካረፈች ሌላ መቶ ትሄዳለች። ስለዚህ ለኔ መንገዱ ኪሎ ሜትር የለውም። በየመቶው መቀመጫ ካለ መንገድ ነው፣ ከሌለ ገደል ነው።

ከሥራ ስወጣ ከደንበኞች ደረሰኝ ጀርባው ባዶ የሆነውን አንድ ወረቀት ወሰድኩ። ላውንደሪ ቤት ሌሎቹ ሴቶች የልብሱን ባለቤት ስም ይጽፋሉ፤ እኔ ጽሕፈቴ ስለሚጎተት በምልክት ነው የምሠራው። ክብ አለኝ፣ ጭረት አለኝ፣ የቤት ክዳን የሚመስል አለኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የአንዱን ሱሪ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም። እቤታችን በር ላይ ሄጄ ቆምኩና ከዚያ ጀመርኩ። ለየአሥሩ እርምጃ አንድ ጭረት፣ ለየመቀመጫው አንድ ክብ። ከበራችን እስከ ፋርማሲው ደጃፍ ዘጠኝ ጭረት፤ ፋርማሲው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ የድንጋይ መደብ አለው፤ ክብ። ከዚያ እስከ ጫማ ጠጋኙ ስምንት ጭረት። «አባ፣ ነገ ጠዋት ወንበርዎን ለእናቴ ያበድሩኛል?» አልኳቸው። «እሑድ አልሠራም፤ ግን ወንበሩን ሰንሰለት አስሬ እዚሁ ነው የምተወው። ትቀመጥበት፤ ይዛው ካልሮጠች» አሉ። «መሮጥ ብትችልማ ወንበርዎን ምን አባቷ ትፈልገዋለች?» አልኩ። ክብ። ከዚያ ስድስት ጭረትና ፌርማታው፤ የብረት አግዳሚ አለው፤ ክብ።

በዘጠኝ ቁጥር ተሳፍሬ ወረድኩ። አርባ ደቂቃ ነው። የአውቶቡሱ ደረጃ ሁለት ነው፣ የመጀመሪያው ከፍ ይላል፤ አውቶቡስ ሣልኩና ለከፍታው የቤት ክዳኑን ጨመርኩበት። ከመውረጃው እስከ አዳራሹ ሠላሳ ጭረት ሆነብኝ፤ ግን የባሕሩ ዳር አጥር ስሩ ሰፊ ስለሆነ በፈለጉበት ያስቀምጣል። አዳራሹ እማዬ ስትጠርገው እንደነበረው ሰፊ ነው፤ ወለሉ ግን ቆሽሿል። እሷ ብታየው ትታመማለች አልኩ በሆዴ።

ትኬት ቤቱ መስኮት ላይ አፏ ጣፋጭ የሆነች ልጅ ተቀምጣለች። «ምን ልርዳዎት እናቴ?» አለችኝ። የመሄጃውን ሰዓት፣ የመመለሻውን ሰዓት፣ መጸዳጃው የት እንደሆነ፣ ጀልባው ላይ ከፀሐይ የሚጠለል መቀመጫ አለ ወይ፣ ሁሉን ጠየቅኋት። የመጀመሪያው ጀልባ ሁለት ሰዓት ይነሳል፤ የመጨረሻው አሥራ አንድ ላይ ይመለሳል። በኋላ እልህ ይዞኝ፣ ወንድሜ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ ብቻ፣ «መኪና ያለው ሰውስ ስንት ይከፍላል?» አልኳት።

«የምን መኪና?»

«መኪና ነዋ። ጀልባው ላይ ጭኖ የሚሻገር።»

«ደሴቱ ላይ እኮ መኪና የለም እናቴ። ኖሮም አያውቅ። በእግር ነው፣ ወይ ብስክሌት መከራየት ነው። መኪና ይዞ የመጣ እዚህ ያቆማል፤ እሑድ ደግሞ ማቆሚያው ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ይሞላል። ከዚያ ወዲያ የመጣ ከኮረብታው ጀርባ አቁሞ ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይመጣል።»

ወንድሜ በሁለት ሰዓት ከቤት እንነሳለን ብሎ ነበር። ሳቅ አፈነኝ። ልጅቷ ምን እንዳሳቀኝ ባይገባትም እሷም አብራኝ ሳቀች። «እናትሽ አይደለሁም፤ ብሆን ግን አልከፋም ነበር» አልኳትና ሁለት ሰው ደርሶ መልስ ቆረጥኩ። የአሥራ አንድ ሸሚዝ መተኮሻ ዋጋ ሄደ። ትኬቱ አይመለስም፣ ቀኑም አይቀየርም ብላኛለች፤ እኔም አይመለስም ማለቷን ወድጄዋለሁ። ከዚያ ጀልባው ድረስ ሄጄ መሳፈሪያውን ሳንቃ አየሁ፤ ወረቀቴ ላይም ጀልባ ሣልኩ። ግራና ቀኝ መያዣ ገመድ አለው። ሳንቃውን የሚጠብቀው መርከበኛ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየኝ። «እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ነገ ስትመጣ ታሳፍራታለህ?» አልኩት። «ይከብዳሉ?» አለኝ። «ካንተ ሆድ ትቀላለች» አልኩት። «እንግዲያው አንስቼ አስገባቸዋለሁ!» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ።

ቤት ስገባ አሥር ሰዓት አልፏል። እማዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የልጆቹን ልብስ ታጥፋለች። በሩን ዘጋሁና፣ ሮጬ የመጣሁ ይመስል ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ «እማዬ ጉድ ልንገርሽ፤ መኪና እኮ ደሴቱ ላይ አይገባም!» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው የጠረግኩት። አንድ መኪና ሲሻገር አላየሁም።»

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ መኪና፣ መኪና ሲል ለምን አልነገርሽውም?»

«ጠየቀኝ?» አለች። የልጁን ሸሚዝ እጅጌ ወደ ኋላ መለሰች፣ አጠፈች፣ በመዳፏ ተጫነችው። «አንቺስ ጠየቅሽኝ? እዚያ ድረስ ሄደሽ ሌላ ሰው ከምትጠይቂ።»

ቀኑን ሙሉ ስለሷ ተሟግቼ፣ ስለሷ ተራምጄ፣ ስለሷ ከፍዬ፣ አንዴ እንኳ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እንዴት እንሂድ?» አላልኳትም። ትኬቶቹን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ዐይኗን አጠበበችና ቀለሙን አየች። «በኛ ጊዜ አረንጓዴ ነበር» አለች። ግን መልሳ አልሰጠችኝም፤ ትራሷ ስር ከተተቻቸው።

እራት ላይ ወረቀቴን ከቀሚሴ ኪስ አውጥቼ ለእማዬ ላሳይ ስል ወንድሜ ቀደመኝ። ገለበጠው፣ አሽከረከረው። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? የጥንቆላ መጽሐፍ ነው?» አለ። ትንሿ ልጁ በክንዱ ስር አንገቷን አሾልካ «ይሄ አውቶቡስ ነው፤ ይሄ ጀልባ ነው። ክቡ ምንድነው አክስቴ?» አለች። «አያትሽ የምታርፍበት» አልኳት። ልጅቷ ክቦቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አባቷ ወረቀቱን ከጣቷ ሥር ነጥቆ ወደኔ ገፋው። እኔም መኪናው እንደማይሻገር፣ ማቆሚያው በአንድ ሰዓት እንደሚሞላ፣ ሁሉንም ቁጭ አደረግኩለት። «ማን አለሽ?» «ትኬት ቆራጯ።» «አልገባሽም ይሆናል፤ ሌላ ነገር ብላሽ ነው።» ሚስቱ ግን ስልኳን አውጥታ ነበር። ፈልጋ አየችና ስልኩን በሳህኑ በኩል ወደሱ አዞረችለት። አነበበ። ጆሮው ቀላ። ልጆቹ «በመኪና አንዞርም እንዴ?» ብለው ሲጮሁ ሳህናቸውን እንዲጨርሱ ተቆጣቸው።

ከዚያ የክፍል ኃላፊነቱ ተመለሰለት። «እሺ» አለ። «እንግዲያው እንዲህ እናደርጋለን። ዕቃውን እግራችን ስር እናደርግና እማዬን በመኪና እንወስዳታለን። አንቺ ቤት ትቀሪያለሽ። ትኬትሽን ለባለቤቴ ስጫት።»

እውነቱን ልናገር፣ እሺ ልል ነበር። ትሂድ እንጂ፣ ከኔ ጋር ሆነ ከሱ ጋር ምን ለየው? ጉልበቷም ያርፍ ነበር። እማዬን አየኋት። ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው በእጇ ጠርዝ እየጠረገች ትሰበስባለች፤ በሌላኛው መዳፏ ላይ ታጠራቅመዋለች። ሰብስባ ስትጨርስ ሳህኑ ላይ አራገፈችውና፣ «ጫማዬን አምጪልኝ» አለችኝ።

«ወዴት?» አለ ወንድሜ።

«ፌርማታውን ላየው ነው።»

«አሁን? ፀሐይ እየጠለቀች እኮ ነው እማዬ! ወድቀሽ አጥንትሽ ቢሰበር ማን ነው ተጠያቂው?» ወደኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ! ይሄን ሁሉ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። ጎንበስ ብዬ የጫማዋን ክር አሰርኩ።

ደረጃውን ተያይዘን ወረድን። መንገዱ ላይ ሱቆች መብራት እያበሩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እማዬን በሩ ላይ ሲያያት «እንዴ፣ ደህና ነዎት ወይ?» ይላል። «ደህና ነኝ፤ ሽርሽር ወጥቼ ነው» ትላለች። እኔ ወረቀቴን ይዤ እየቆጠርኩ ከጎኗ እሄዳለሁ። አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባ። ፋርማሲው ገና ሩቅ ነው። ሰማንያ፣ ዘጠና። መቶ ስል የእማዬ ክንድ ክንዴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ስል ወደ ፋርማሲው የመጣነውን ያህል ይቀረናል። ያኔ ገባኝ። መንገዱን የለካሁት በኔ እርምጃ ነው። የኔ አንዱ ለሷ ሁለት ነው። ወረቀቴ ላይ ያለው ክብ ሁሉ ለኔ የተሠራ ማረፊያ ነው፤ እኔ ደግሞ ማረፊያ አላስፈለገኝም። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ሱሪ ያላቀያየርኩ ሴት የእናቴን እግር ከራሴ እግር አምታታሁ። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ወደ ቀኝ አጥር፣ ወደ ግራ አስፋልት፤ የሚቀመጡበት ምንም የለም። ከላይ የመስኮታችን ድምፅ ተሰማ። ወንድሜ ነው። «እማዬ! ይበቃል ተመለሺ! አላልኩሽም?» ሰፈሩ ሁሉ ቀና አለ።

እማዬ ቀና አላለችም። «የሚቀመጡበት ፈልጊልኝ» አለችኝ በዝግታ።

ከመንገዱ ማዶ አትክልት ሻጯ ዕቃዋን እያስገባች ነበር። የቲማቲም ሣጥን፣ የፕላስቲኩን፣ ደፍታ በእግሯ ወደኛ ገፋችው። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግራ ራሷ አምጥታ አስቀመጠችልን። «ይቀመጡ እማማ። ምን ሆነው ነው?»

«ነገ ደሴት እሄዳለሁ» አለቻት እማዬ ቁጭ እያለች። «ልጆቼ እንዴት እንደምሄድ እየተጣሉ ነው።»

«እሰይ! እኔ ከተወለድኩ አልሄድኩም።»

«ሣጥኑ ስንት ነው?»

«ምን ሊያደርጉት?»

«ልሄድበት ነዋ» አለች እማዬ።

አትክልት ሻጯ ሳቀችና «ይውሰዱት፤ ሲመለሱ አምጡልኝ» አለች። ብድግ አድርጌ ክብደቱን ሞከርኩት። ከአንድ ካውያ አይከብድም። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወንድሜ ወርዶ መጣ፤ በነጠላ ጫማው፣ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ። ሰው ስለሚያየው ድምፁን ዝቅ አድርጓል። «እማዬ በናትሽ፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው። ነይ በመኪና ልመልስሽ። ነገም እኔው እወስድሻለሁ፣ ሁላችሁንም፣ ሁለቴ ተመላልሼም ቢሆን።»

እማዬ ጉልበቷን በሁለት እጇ አሸች። ቁልፉን አየችው፣ ፊቱን አየችው። ትወደዋለች፤ ይሄን አልደብቅም፣ ከኔ አብልጣ ሳትወደው አትቀርም። «አንተ ሂድና ተኛ ልጄ» አለችው። «ነገ መንገደኛ ነህ፤ ማቆሚያው በአንድ ሰዓት ይሞላል።»

እጇን ዘረጋችልኝ፤ አነሳኋት። ወንድሜ ቁልፉን ይዞ እዚያው አጥሩ ሥር ቀረ። ከቤት ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ብዬ ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን በየመሐሉ ስንት ጊዜ እንደምትቀመጥ አላውቅም፤ «አሥራ አንድ ተኩል» አልኳት። «አሥራ አንድ አድርጊው» አለች። ሣጥኑን በብብቴ ይዤ፣ ወደ ፋርማሲው፣ ከኋላዋ በሷ እርምጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ጀመርኩ። አሥር ላይ ስደርስ ቆም አለችና ሳትዞር ተናገረችኝ።

«አትቁጠሪብኝ። ሣጥኑን ብቻ ያዢ፤ ሲደክመኝ እኔው እነግርሻለሁ።»